የተዛባ የልብ ምትና የሚስማማ መድኃኒት



የልብ ምታቸው የተዛባ ሕሙማን ሐኪም ፊት ሲቀርቡ አስቀድመው የሚጠይቁት «ይህ መድኃኒት ምቴን ያስተካክልልኛል ወይ?» ብለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሌሊት ልቡ ድው ድው እያለ ከእንቅልፉ የሚያባንነው፣ ትንሽ ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ሌላ ምን ይጠይቅ? ዛሬ እዚህ የቆምኩት ግን ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ መኖሩን ለማስረዳት ነው። «ልቤ ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚጠብቀኝ መድኃኒት የትኛው ነው? ለእኔ ዓይነቱ ልብ የተፈተነውስ የትኛው ነው?» የሚለው። ይህን ባለመጠየቃቸው፣ ወይም የሚነግራቸው በማጣታቸው፣ የልባቸው ትርታ ረገብ ብሎላቸው ሳለ በስትሮክ የወደቁ ሰዎች አሉ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። ልባችን አራት ክፍሎች አሉት፤ ሁለቱ ከላይ፣ ሁለቱ ከታች። የምቱ ትእዛዝ የሚነሣው በላይኛው የቀኝ ክፍል ውስጥ ካለች ትንሽ የሕዋሳት ስብስብ ነው። ከዚያ የሚነሣው ረቂቅ ኤሌክትሪክ መጀመሪያ የላይኞቹን ክፍሎች ያኮማትራል፤ መሀል ላይ ባለች መተላለፊያ ጥቂት ይዘገይና ወደ ታችኞቹ ይወርዳል። ዕረፍት ላይ ያለ ጤነኛ ዐዋቂ ልቡ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል፤ በቀን ሲደመር መቶ ሺህ ገደማ ይሆናል።

ምት የሚዛባበት መንገድ ብዙ ነው፤ አንዳንዱም የሚያሰጋ አይደለም። እንቅልፍ ያጣ ወይም የተጨነቀ ሰው አልፎ አልፎ ልቡ ዘለል ስትልበት ይሰማዋል፤ አንዲት ምት ቀድማ ስትመጣ ቀጣይዋ ስለምትዘገይ ነው። ልቡ ጤነኛ ከሆነ ይህ አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒት አያስፈልገውም። እኔ የምናገረው ሐኪሞች ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ስለሚሉት ሕመም ነው። በዚህ ሕመም የላይኞቹ ክፍሎች መኮማተራቸውን ትተው ይርገበገባሉ፤ በደቂቃ ከ350 እስከ 600 የሚደርስ የተበታተነ ትእዛዝ ይነሣባቸዋል። መተላለፊያዋ ያንን ሁሉ ስለማታሳልፍ የታችኞቹ ክፍሎች 120፣ 140፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይመታሉ፤ ያውም ያለ ሥርዓት። የሕመምተኛው እጅ አንጓ ላይ ጣታችሁን ብታሳርፉ ሁለት ፈጣን ምት፣ ከዚያ ባዶ፣ ከዚያ ደካማ፣ ከዚያ ጠንካራ ምት ታገኛላችሁ። የሚደጋገም ቅጥ የለውም።

አደጋው ከፍጥነቱ ብቻ አይደለም። የላይኛው የግራ ክፍል ከጎኑ ትንሽ ኪስ አለችው። ክፍሉ መኮማተር ሲያቆም በኪሷ ውስጥ ያለው ደም እንቅስቃሴ ያጣና፣ ሳይነካ እንደተቀመጠ ወተት ይረጋል። ከረጋው ደም ቁራጭ ተነቅሎ ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ነው። በአሜሪካ፣ በፍራሚንግሃም ከተማ በተካሄደው ዝነኛ የረጅም ዘመን ክትትል፣ ይህ የምት መዛባት ያለበት ሰው በስትሮክ የመመታት ዕድሉ ከሌለበት አምስት እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። ሕመሙ ከሩማቲክ የልብ በሽታ ጋር ሲገናኝ ደግሞ አሥራ ሰባት እጥፍ ገደማ ደርሷል። ይህችን ሁለተኛዋን ቁጥር ልብ በሉልኝ፤ የእኛ አገር ጉዳይ ያለው እዚያ ላይ ነው።

በአውሮፓና በአሜሪካ ይህ ሕመም በአብዛኛው የአረጋውያን ነው፤ ከደም ግፊት፣ ከውፍረትና ከዕድሜ ጋር ይመጣል። እኛም ዘንድ የደም ግፊት እየበዛ ስለሆነ እንዲህ ያለው አይጠፋም። ከጎኑ ግን ሌላ አለ። ሠላሳ ዓመት እንኳ ያልሞላት ሴት ናት፤ በልጅነቷ ጉሮሮዋን በተደጋጋሚ ታማለች፤ ሕመሙ ቶንሲል ነው ተብሎ ያለ ፔኒሲሊን ታልፏል፣ ወይም እንጥሏ ተቆርጦ «ዳነች» ተብሏል። ከዓመታት በኋላ ሩማቲክ ትኩሳት ያቆሰለው የልብ በር፣ ማለትም የግራውን የላይኛ ክፍል ከታችኛው የሚለየው ሚትራል ቫልቭ፣ ጠቦ ይገኛል። በሩ ሲጠብ ደም ከላይ ይጠራቀማል፤ ክፍሉ ይለጠጣል፤ የተለጠጠ ክፍል ደግሞ ምቱን መጠበቅ ይሳነዋል። የዚህችን ልጅና የሰባ ዓመቱን የግፊት ታማሚ በሽታ የምንጠራው በአንድ ስም ነው። መድኃኒታቸው ግን አንድ አይደለም።

ስለዚህ መድኃኒት ከመታዘዙ በፊት መንስኤው መታወቅ አለበት። ኢሲጂ ምቱን ያሳያል፤ በሩን የሚያሳየው ኢኮ፣ ማለትም የልብ አልትራሳውንድ ነው። የታይሮይድ ምርመራም መዘለል የለበትም። ከመጠን በላይ የሚሠራ እንቅርት ራሱ ልብን ያዛባል፤ እንቅርቱ ታክሞ ምታቸው በራሱ ጊዜ የሚመለስላቸው ሕሙማን አሉ። ኩላሊትም ይታይ፤ በኋላ ከማነሣቸው መድኃኒቶች የአንዳንዶቹ መጠን በኩላሊት አቅም ይወሰናል። አረቄና ሌላውንም መጠጥ የሚያበዛ፣ ጫት የሚቅም ሰው ይህን ሳይሸሽግ ይናገር። መጠጥ ብቻውን ይህን ሕመም ሊቀሰቅስ ይችላል፤ ጫትም ምቱንና ግፊቱን ከፍ ያደርጋል። ቡናን በተመለከተ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ልናገር፦ በልኩ የሚጠጣ ቡና ለአብዛኛው ታማሚ ይህን ሕመም እንደሚያባብስ ጥናቶች አላሳዩም። ስትጠጡ ልባችሁ የሚረበሽ ከሆነ ቀንሱ፤ ካልሆነ ግን የቡናችሁን ሥርዓት የሚከለክላችሁ የለም።

አሁን ወደ መድኃኒቱ ልምጣ። ዓመቶቹን የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የኔዘርላንድ ተወላጁ ዝነኛ ሐኪም ካሬል ቬንከባኽ በ1914 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ነጋዴ ታማሚውን ያነሣል። ሰውየው በምሥራቅ የወባ አገር የኖረ ሲሆን፣ የተዛባ ምቱን በኪኒን ማስቆም እንደሚችል ለሐኪሙ ነገረው። ሐኪሙ አላመነም፤ ሰውየው ግን በማግሥቱ ምቱ ተስተካክሎ መጣ። ከዚያ በመነሣት በ1918 የኪኒን ዘመድ የሆነው ኪኒዲን ተፈተነና ለዘመናት አገልግሎት ላይ ዋለ። ይህን የማወራው ታማሚ ሰውነቱን ሲከታተል ሐኪም ያላየውን ሊያይ እንደሚችል ለማሳየት ነው። ኪኒዲን ዛሬ እምብዛም አይታዘዝም፤ ምት የሚያስተካክል መድኃኒት ራሱ ሌላ፣ የባሰ የምት መዛባት ሊያመጣ እንደሚችል ስለታወቀ።

ይህ የታወቀበትን ከባድ ትምህርት ልንገራችሁ። በአንድ ጥናት የልብ ድንገተኛ ሕመም አግኝቷቸው የተረፉ፣ ቀድማ የምትመጣ ምት የሚበዛባቸው ሰዎች ፍሌካይናይድና ኤንካይናይድ የተባሉ መድኃኒቶች ተሰጧቸው። መድኃኒቶቹ ምቱን በደንብ ያስተካክሉ ነበር፤ የኢሲጂው ወረቀት ሲታይ ያስደስታል። በ1989 ውጤቱ ሲወጣ ግን መድኃኒቱን ከወሰዱት 730 ሰዎች 56ቱ ሞተዋል፤ ባዶ ክኒን ከወሰዱት 725 የሞቱት 22 ብቻ ነበሩ። ፍሌካይናይድ ዛሬም አለ፤ የልባቸው አካል ጤነኛ ለሆነ ለተመረጡ ሕሙማን ብቻ ይሰጣል። ይህ ጥናት ለእኛ ለሐኪሞች ያስተማረን፣ ወረቀት ላይ ያማረ ምት የዳነ ሰው ማለት እንዳልሆነ ነው።

ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ላይ ሐኪም ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ምቱን ወደ ቀድሞ ሥርዓቱ መመለስ ነው፤ በመድኃኒት፣ በኤሌክትሪክ ንዝረት፣ ወይም በደም ሥር በኩል ገብቶ የሚረብሸውን ሥፍራ በማቃጠል። ሁለተኛው ምቱ የተዛባ እንደሆነ ይቆይ ብሎ ፍጥነቱን ብቻ መግታት ነው። በ2002 ይፋ የሆነው፣ 4060 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት በሁለቱ መካከል በሕይወት የመቆየት ልዩነት አላገኘም። ከሁሉ የሚያስደነግጠው ሌላው ግኝቱ ነው፦ ከስትሮኮቹ የሚበዙት የደረሱት ደም እንዳይረጋ የሚከላከለውን ደም ማቅጠኛቸውን ባቆሙት ወይም መጠኑ ባነሰባቸው ሰዎች ላይ ነበር። ምታቸው ስለተስተካከለ ማቅጠኛው የተቋረጠላቸውም ከመካከላቸው ነበሩ። በ2020 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ሕመሙ በታወቀ በአንድ ዓመት ውስጥ ምቱን ለመመለስ መሞከር ስትሮክንም በልብና በደም ሥር ሕመም የሚመጣ ሞትንም እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ ስለዚህ ቶሎ የመጣ ታማሚ የመጀመሪያውን መንገድ ስለመሞከር ሐኪሙን ይጠይቅ። ደም ማቅጠኛው ግን በሁለቱም መንገድ አይቀርም።

ፍጥነት የሚገቱት መድኃኒቶች በየመድኃኒት ቤቱ የምታውቋቸው ናቸው፤ ሜቶፕሮሎል፣ ቢሶፕሮሎል፣ አቴኖሎል፣ ፕሮፕራኖሎል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያደክማሉ፣ እጅና እግር ያቀዘቅዛሉ፤ አስም ያለበትን ሰው ትንፋሽ ሊያሳጥሩ ስለሚችሉ አስም ያለባችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ። በአንድ ጊዜ ማቋረጥ አደገኛ ነው። ድካሙ ካልለቀቀ ሐኪሙ መጠኑን ይቀንሳል ወይም ይለውጣል፤ ምቱን የግድ 70 ላይ ማውረድ አያስፈልግም፤ በ2010 የወጣ ጥናት ለብዙ ሰው ዕረፍት ላይ ከ110 በታች መሆኑ እንደሚበቃ አሳይቷል። ዲጎክሲን የሁሉም ታላቅ ነው፤ ዊልያም ዊዘሪንግ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም መድኃኒቱ ስለሚገኝበት የተክል ወገን የጻፈው በ1785 ነው። ተቀምጦ ለሚውል ሰው ይሠራል፤ ዳገት ለሚወጣ፣ ለሚሸከም ሰው ብቻውን አይበቃም። ማቅለሽለሽ፣ ምግብ መጥላት፣ ነገሩ ሁሉ ቢጫ መስሎ መታየት ከጀመረ መድኃኒቱ በዝቷል ማለት ነውና በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። ምት ከሚያስተካክሉት ወገን የሆነው አሚዮዳሮን ኃይለኛ ነው፤ አዮዲን ስለሚበዛበት ታይሮይድን ይነካል፣ ሳንባንና ቆዳንም ሊጎዳ ይችላል፤ ካቆማችሁትም በኋላ ለወራት ሰውነት ውስጥ ይቆያል። በየስድስት ወሩ የደም ምርመራ ሳይደረግ ለዓመታት ሊዋጥ አይገባውም።

ከሁሉ በላይ ጊዜ የምወስድበት ዋርፋሪን ነው። ታሪኩን ሰው ያውቃል፤ «የአይጥ መርዝ እኮ ነው!» ብሎ ፈርቶ የሚያቆመው ብዙ ነው። እውነቱን አልሸሽግም። በ1920ዎቹ በሰሜን አሜሪካ የሻገተ ድርቆሽ የበሉ ከብቶች ደማቸው አልቆም እያለ ይሞቱ ነበር። የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲው ካርል ፖል ሊንክና ባልደረቦቹ ምክንያቱን ከድርቆሹ ለይተው አወጡ፤ ከዚያ የተሠራው ዋርፋሪን በ1948 ለአይጥ ማጥፊያ ዋለ። በ1950ዎቹ ለሰው ተፈቀደ፤ በ1955 የልብ ሕመም የያዛቸው የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወርም ወስደውታል። የሚገድለውም የሚያድነውም መጠኑ ነው፤ መጠኑ ደግሞ በምርመራ ይታወቃል። በትክክል ሲወሰድ ከዚህ የምት መዛባት የሚመጣውን ስትሮክ በሁለት ሦስተኛ ገደማ ይቀንሳል። አስፕሪን ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው የሚሠራው፤ ምትኩ አይሆንም።

ምርመራው አይኤንአር ይባላል። ለአብዛኛው ታማሚ ቁጥሩ ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት። ከ2 ሲወርድ ደሙ ይረጋል፤ ከ3 ብዙ ሲያልፍ መድማት ይመጣል። ዋርፋሪን ማታ ማታ እንዲወሰድ የምንመክረው ጠዋት የተሰጠው ደም ውጤቱ ሲመጣ የዚያኑ ዕለት መጠኑን ለመለወጥ እንዲመች ነው። የረሳችሁትን በማግሥቱ ደርባችሁ አትውሰዱ።

በክትትል ክፍል የሚያጋጥመንን ላሳያችሁ። አንዲት እናት በዐቢይ ጾም አጋማሽ የክትትል ደብተራቸውን ይዘው ይመጣሉ። ባለፈው ወር ቁጥራቸው 2.6 ነበር፤ ዛሬ 1.4 ሆኗል።

«እማማ፣ መድኃኒቱን አቋርጠው ነበር እንዴ?»

«ኧረ በጭራሽ ልጄ! አንድ ቀን አልዘለልኩም።»

«ምን እየተመገቡ ነው ታዲያ?»

«ምን እበላለሁ፣ ጾም አይደል? ምሳም ጎመን፣ ራትም ጎመን።»

ነገሩ ይኸው ነው። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ በቫይታሚን ኬ የበለጸጉ ናቸው፤ ዋርፋሪን የሚሠራው ደግሞ የዚሁን ቫይታሚን ሥራ በማገድ ነው። አምሳ አምስት ቀን ጎመን ሲበዛ የመድኃኒቱ ኃይል ይቀንሳል። ሐኪሙ መጠኑን ከፍ ያደርግና ፋሲካ ይመጣል፤ ጎመኑ ይቀራል፣ ዶሮውና ሥጋው ይተካል፤ ከፍ ያለው መጠን አሁን ይበዛና ድድና አፍንጫ መድማት ይጀምራል። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ቀጠሮ የምንሰጠው ለዚህ ነው። ጎመን አትብሉ የሚለውን ምክር አልቀበለውም፤ ለጾመኛ አገር የሚሆን ምክር አይደለም። የምንለው፣ የምትበሉትን መጠን ከሳምንት ሳምንት ተቀራራቢ አድርጉት፣ ጾም ሲገባና ሲፈታ ደግሞ ተመርመሩ ነው። ሮመዳን የሚጾሙትም ሰዓቱን ከሐኪማቸው ጋር ይነጋገሩ፤ ዋርፋሪን በቀን አንዴ ስለሚወሰድ ከፍጥር በኋላ መዋጥ ይቻላል። ጠበል የሚሄዱም መድኃኒታቸውን ይዘው ይሂዱ።

ሌላው ጣጣ ከመድኃኒት ቤት በቃል የሚገዛው ነው። ለወገብ ሕመም የሚዋጠው ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከዋርፋሪን ጋር ሲገናኝ ጨጓራን ያደማል። ለተቅማጥ የሚሰጠው ሜትሮኒዳዞል፣ እንዲሁም ኮትሪሞክሳዞል፣ አይኤንአርን ያንረዋል። አሚዮዳሮንም እንደዚያው፤ አብረው ሲታዘዙ የዋርፋሪን መጠን መቀነስ ይኖርበታል። መርፌ ሊወጋችሁ ለሚመጣ፣ ጥርስ ለሚነቅል ሁሉ «ደም ማቅጠኛ እወስዳለሁ» በሉ። ሰገራ ጥቁር ሲሆን፣ ሽንት ሲቀላ፣ ጭንቅላታችሁን ተመትታችሁ ራስ ምታት ሲጠናባችሁ ነገ አትበሉ። አፍ ከተጣመመ፣ ክንድ ከዛለ፣ ንግግር ከተሳሰረ ምች ነው መጋኛ ነው እያሉ ቤት ማቆየት የለም፤ በቀጥታ ሆስፒታል።

ለወጣት እናቶች አንድ ነገር ጨክኜ ልናገር። ዋርፋሪን በእርግዝና የመጀመሪያዎቹ ወራት፣ በተለይ ከስድስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት፣ ፅንስን ለአካል ጉድለት ሊዳርግ ይችላል። በራሷ ውሳኔ ያቆመችው ደግሞ በተለይ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ካላት የራሷን ሕይወት አደጋ ላይ ትጥላለች። ስለዚህ ለማርገዝ ያሰበች ሴት ከማርገዟ በፊት ትምጣ፤ በመርፌ የሚሰጥ ምትክ ስላለ መንገዱ አብሮ ይታሰባል። ባሎችም ይህን ስሙ፤ ጉዳዩ የእሷ ብቻ አይደለም።

አሁን ስለ አዲሶቹ መድኃኒቶች። ከ2010 ወዲህ ለዚህ ሕመም ዳቢጋትራን፣ ሪቫሮክሳባን፣ አፒክሳባን የተባሉ ደም ማቅጠኛዎች መጥተዋል። አይኤንአር አያስፈልጋቸውም፤ ከጎመን ጋር አይጣሉም፤ አንጎል ውስጥ መድማትን ከዋርፋሪን ይልቅ ያሳንሳሉ። የልብ በሩ ላልጠበበ፣ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ለሌለው የግፊት ታማሚ፣ አቅሙ ከፈቀደና ኩላሊቱ ካልደከመ፣ እነሱ ይመረጣሉ። ይህን በግልጽ እናገራለሁ።

ለዚያች በሯ ለጠበበባት ወጣት ግን አይሆኑም። ይህን የምለው ለአሮጌ መድኃኒት አድልቼ አይደለም። በአፍሪካ፣ በእስያና በላቲን አሜሪካ 24 አገሮች ውስጥ፣ ሩማቲክ የልብ በሽታና ይህ የምት መዛባት ባለባቸው 4531 ሰዎች ላይ ሪቫሮክሳባን ከዋርፋሪን ዓይነቶቹ መድኃኒቶች ጋር ተወዳደረ። አብዛኞቹ ተሳታፊዎች ሴቶች ነበሩ። ብዙ ሐኪም አዲሱ ያሸንፋል ወይም ይስተካከላል ብሎ ጠብቆ ነበር። በ2022 ውጤቱ ሲወጣ ስትሮክ፣ ሌላ የደም ሥር መዘጋት፣ የልብ ድንገተኛ ሕመም፣ ወይም በልብና በደም ሥር ሕመም ወይም ባልታወቀ ምክንያት ሞት የደረሰባቸው በሪቫሮክሳባን በኩል 560፣ በአሮጌው መድኃኒት በኩል 446 ሆኑ። ሞትም ያነሰው በአሮጌው ነው። ለድሃ አገር በሽታ፣ በድሃ አገሮች ውስጥ፣ በራሳቸው በሕሙማኑ ላይ የተደረገ ምርመራ ነውና ትልቅ ዋጋ እሰጠዋለሁ።

ይህን ያነሣሁት በዋሽንግተን፣ በሮም፣ በቴል አቪቭ ወይም በዱባይ ለሚኖሩ ልጆችና ወንድሞች ስል ነው። «አሜሪካን አገር ሰው ዋርፋሪን ትቶታል፤ ለእናቴ አዲሱን ልላክላት» የሚል ፍቅር በሻንጣ ተጭኖ ይመጣል። እናቲቱም ሐኪሟን ሳትጠይቅ ደብተሯን ትዘጋለች። የተላከው ሲያልቅ ደግሞ እስኪመጣ ያለ አንዳች ጥበቃ ትቆያለች፤ የአዲሶቹ መድኃኒቶች ኃይል በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ስለሚጠፋ ያ ክፍተት አደገኛ ነው።

ስለዚህ ከመላካችሁ በፊት የኢኮ ውጤቷን ጠይቁ፤ ፎቶ አንስተው ይላኩላችሁ። «ሚትራል ስቴኖሲስ» የሚል ቃል እዚያ ላይ ካነበባችሁ፣ ወይም ሰው ሠራሽ ቫልቭ ካላት፣ አዲሱን ደም ማቅጠኛ አትላኩ። ለወርኃዊው የአይኤንአር ምርመራና ለትራንስፖርቷ የሚሆን ገንዘብ ላኩላት፤ ከቻላችሁም ከጣት ደም የሚለካውን መሣሪያ ከነመለኪያ ወረቀቱ። ለእሷ የሚበጃት እሱ ነው።